ሲስተር ሠርኬ ከሥልጠና መልስ

ሲስተር ሠርኬ ወደ ሥልጠናው የሄደችው የሙያ ፈቃዷ የሚታደስበት ጊዜ ስለ ደረሰ ነው። ጉጉትስ አልነበራትም። መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ቁልቁል ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከመጀመሩ በፊት ታላቅ ወንድሟን ይገረምን በዚሁ በሽታ ቀብራለች። ከዚያም ያስታመመቻቸው ተራ በተራ ሲያልፉ አንድ ቀን ማልቀስ አቃታት። ልቧ እንደ ደነዘዘ እጅ ሆነ፤ ቢነኩት አይሰማውም። ሥራዋን ግን አታጓድልም።

አሠልጣኟ ዶክተር ሩታ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ጉንጭ ያጎደጉዱ ስለነበሩት የድሮ ክኒኖች፣ ዛሬ በቀን አንዴ ስለሚዋጠው ክኒን፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ስለሚወሰደው የመከላከያ መርፌ አስረዳች። ወጣቶቹ ነርሶች ስክሪኑን በሞባይላቸው ያነሳሉ። ሠርኬ ይገረም ቢኖር ኖሮ ስንት ዓመቱ ይሆን እንደነበር ልታሰላ ጀመረችና ተወችው።

ከዚያ ዶክተሯ ሠርኬ ቀደም ሲል በወሬ የሰማችውን ነገር አነሳች። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ በዚያው የጸና ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም አለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ለዓመታት ተጠንተው በዚህ መንገድ የተያዘ አንድም ሰው እንዳልተገኘ ተናገረች። ከዚያም፣ «ይህን ለታካሚዎቻችን አለመንገር ሕክምና እንደ መከልከል ነው» አለች።

ሠርኬ ወዲያው ትዝ ያላት ሙናዊር ነው።

ሙናዊር እህል በረንዳ ምስርና ሽንብራ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። ቫይረሱ በደሙ ከተገኘ ጀምሮ ክኒኑን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ሚስቱ ሰዓደት ከቫይረሱ ነፃ ናት። እሱ ግን ኮንዶሙም አላስተማመነውም፤ መኝታውን ለይቶ ሳሎን ወጣ፤ የሚጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ለየ። ሠርኬ ብርጭቆ መለየቱን ስትቃወም፣ መኝታ መለየቱን ግን ዝም ብላ አልፋው ነበር።

መድኃኒት ሊወስድ በመጣ ጊዜ ወንበር ሰጥታ የዶክተሯን ቃል ነገረችው። ከዓመት ዓመት በደም ምርመራው ቫይረሱ እንዳልታየ አሳየችው። ሙናዊር የውጤቱን ወረቀት ስቦ ደግሞ አየው።

«እርግጠኛ ነዎት ሲስተር?»

«እርግጠኛ ነኝ። መድኃኒቱን እስካላቋረጡ ድረስ።»

«ሰዓደት ሃምሳ አልፏታል» አለ። ሌላ ልጅ መውለድ ፈልጋ እንደነበር፣ እሱ ግን እንዳያስተላልፍባት ፈርቶ እንዳልሞከረው ቀስ ብሎ ተናገረ። ሠርኬ ክኒኑን ቆጥራ ሰጠችው፤ ተነሥቶ ሄደ።

በሳምንቱ ሰዓደትን ይዞ መጣ። «ከእኔ አፍ ስትሰማው አላመነችኝም፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» አለ። ሠርኬም ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት። ሰዓደት ቀይ ሻሿን እያስተካከለች አንዲት ቃል ሳታቋርጥ ሰማች።

«እኔ እሱን ፈርቼው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «በሽታው ተገኘበት ሲባል አልፈራሁም። የፈራሁት ሌሊት ሳሎን ሲያስል እየሰማሁ አጠገቡ አለመሆኔን ነው።»

ሙናዊር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰዓደት ክንዱን ያዘችው፤ «ተነሣ፣ ሱቁ ይጠብቃል» አለችው። አብረው ወጡ። ሠርኬ በመስኮት አየቻቸው፤ በጭድ ተራ በኩል በተሸካሚዎችና በጋሪ መካከል እየተጋፉ ሲሄዱ እጇን ከክንዱ አላነሳችም።

ደስታ እስኪመጣላት ጠበቀች፤ አልመጣም። ሐዘንም አልመጣም። ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ሳሙናው ሁሉ ከታጠበ በኋላም ውኃው ይፈሳል፣ እሷም ቆማለች። በሩ ሲንኳኳ ቧንቧውን ዘጋችና፣ «ይግቡ» አለች። የገቡት በለጥሻቸው የተባሉ፣ እንደ ሙናዊር ሁሉ መኝታቸውን ለይተው የኖሩ ሴት ነበሩ። ሠርኬ በሩን ዘግታ ወንበሩን አቀረበችላቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ትንሽ እናወራለን» አለቻቸው።