ዳንቴል የለበሰው የመብራት ሳጥን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። ለሌላ ሰው ቢወራ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ይመለስብኛል።

ከእናቴ ጋር የምንኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ቤት ውስጥ የምትሄደው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። የቤታችን የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ አርጅቷል። እጇ አንድ ቀን የተላጠ ሽቦ ላይ ያርፋል ብዬ ስለምሰጋ፣ ለሳሎኑ ቢነኩትም በማይጎዳ በዐሥራ ሁለት ቮልት የሚሠራ፣ እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ መብራት ላስገባ ወሰንኩ።

ትምህርት የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ያነበብኩትን በዋዛ አላልፍም። የፊዚክስ መጽሐፌን አውጥቼ አሰላሁ፦ መብራቱ በጠቅላላ ሰባ ሁለት ዋት ነው፤ ስድስት አምፔር ይስባል ማለት ነው። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ ግን የስልክ ቻርጀር የምታክል አዳፕተር አቀበለኝ።

"ዐሥራ ሁለት ቮልት ነች፣ ትበቃሻለች።"

"ስንት አምፔር ትሰጣለች?"

ገልብጦ አያት። "ሁለት።"

"አትበቃም። ዐሥር የሚሰጥ አምጣልኝ። ፊውዝና ወፈር ያለ ሽቦም ጨምር።"

"እህቴ፣ ሳሎን ልታበሪ ነው አውሮፕላን ልታስነሺ?" ብሎ ሳቀ። ቢሆንም አመጣልኝ፤ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ባለሙያ ገጠመልን። ሳጥኑ ከሶፋው ራስጌ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እናቴን "እንዳትነኪው" አልኳት። በዚሁ ጨረስኩ መሰለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አመሻሹ ላይ የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት ሊሰበሰብ ነበር። ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ደወለች።

"ቤቱን አሳምሬዋለሁ። ያን ብረትሽንም ጠዋት አለበስኩት።"

"ምን አለበስሽው?"

"የጋቢ ቁራጭ አጥፌ፣ በላዩ ዳንቴል። በዚያ ሁሉ ቀዳዳ አቧራ እየገባበት! ለእንግዳስ ምን ይባላል?"

"እማዬ፣ እንዳትነኪው አላልኩሽም?"

"መች ነካሁት? ሸፈንኩት እንጂ! በይ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ጋደም ልበል። ጭጋጉ ቤቱን ስላጨለመው መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው።"

"እማዬ፣ ጨርቁን አንሺው!" ስል ስልኩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። የጎረቤታችንም አይሠራም። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ ፍሪጁም ዳንቴል ለባሽ ነው። አምፔሩን ሳሰላ ይህን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?

አለቃዬን አስፈቅጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር እየደጋገምኩ እደውል ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አዩኝ።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

"እናቴ ቤት ብቻዋን ተኝታለች አባባ። እሳት እንዳይነሳ ፈርቼ ነው።"

"አላህ ያግራልሽ!" አሉና ወደ ሾፌሩ ጮኹ። "አንተ ልጅ፣ ንካት እንጂ!"

"አባባ፣ ዳገቱን እኔ አይደለሁ የሠራሁት!" አለ ሾፌሩ። ግን ነካት። ሽማግሌው እስክንደርስ ድረስ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ እንኳን ጸሎት፣ የራሴ ስም የጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከባጃጅ ወርጄ ስሮጥ የቤታችን መስኮት ጨለማ ነው። በሩን ስከፍት የተግለበለበ ጨርቅ ሽታ ተቀበለኝ።

"እማዬ!"

"አቤት! ምነው በዚህ ሰዓት?" ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። "አንቺን እያወራሁ እኮ መብራት ሄደ። ኔትወርኩም አብሮት ድርግም አለ።"

ሮጬ ዳንቴሉንና ጋቢውን ገፈፍኩ። ጋቢው በቀዳዳዎቹ ልክ ወይቧል። ሳጥኑ ገና ትኩስ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ እናቴ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቀኝ የስልኩ ዝምታ መብራቱ በመጥፋቱ የመጣ ነበር፤ እናቴንም ያተረፋት ያው መጥፋቱ ነው።

ያኔ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብለው ጮኹ።

ዛሬ ሳጥኑ ራቁቱን ነው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ "ልጄ ናት አታልብሺው ያለችኝ" እያለች ትከሰኛለች። እኔም መብራት ሲሄድ እንደ ድሮው አላማርርም። የምሳቀቀው ሲመጣ ነው። ልጆቹ "መጣ!" ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔ ከመጽሐፌ ተነስቼ፣ ሳጥኑ ላይ ምንም አለመደረቡን በዓይኔ አይቼ ነው የምቀመጠው።