የእህቴ ግራ እግር

ሰመራ አስተምራለሁ። የማጠናው ከባድ መከራ ያለፈባቸው ሰዎች ከገዛ አካላቸው የሚርቁበትን ሕመም፣ በአካል በኩልም የሚታከሙበትን መንገድ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፦ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ቀዝቃዛ ነገር መንካት፣ የልብን ምት ማዳመጥ። አዋሽ ምግብ ቤት ያላት ታላቅ እህቴ ግን አንድ ቀን የጋለ ድስት ይዛ ቆመች፤ እጇ ሲቃጠል አልተሰማትም። ወሎ እናታችን ጋ ሳለች ጦርነቱ ካገኛት ወዲህ እንዲህ ናት። እኛ ቤት "ሄደች" ነው የሚባለው።

ባሏ ደወለልኝ። "ልጃችንን አሳይታ ከተማ እናቴ ጋ ልወስዳት ነው። አንቺ ተምረሻልና ንገሪኝ፤ ከእናቷ ጋር ብተዋት ያሰጋል?" ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። መጥቼ ልያት አልኩት። ሚኒባሱ ገዋኔን አልፎ አዋሽ እስኪገባ ያነበብኩትን ስደጋግም ዋልኩ።

"እታለም፣ እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ። ምን ይሰማሻል?" አልኳት እህቴን፣ ጓሮዋ ውስጥ ተቀምጠን።

"ሙቀት ነዋ። የአዋሽ መሬት ሌላ ምን አለው? ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት ያስተማሩሽ?"

የልብሽን ምት አዳምጪ ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። ለካ የልቧ ምት ጦርነቱ የደረሰባት ቀን የሮጠችውን ሩጫ ነው የሚያመጣባት። ዓይኗ እኔ ላይ እንዳለ ሄደች። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ቀዝቃዛ ውሃ ላስነካት ቧንቧ ብከፍት፣ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የወረደው ውሃ ሻይ ለማፍላት ምንም አልቀረው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ።

ቀትር ላይ የዙሁር አዛን ሲሰማ ራሷ ተመለሰችና ከሶላት በፊት ውዱእ ልታደርግ ተነሳች። እጇን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ስትታጠብ ሁለመናዋ እዚያው ነበር። መድኃኒቱን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ቀኝ እግሯን ጨርሳ ግራው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ውሃው ይፈሳል፣ እሷ የለችም። ጠራኋት። በር ላይ ቆሞ የሚያየን ባሏም ጠራት። ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ይሄኔ አጠገባችን ስትጫወት የነበረችው ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከእናቷ እግር ጎን ውሃው ስር ዘረጋች። እህቴ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ትንሿን እግር ማጠብ ጀመረች።

"ይሄ የማነው?" አለች።

"የኔ።"

"ይሄኛውስ?"

ልጅቷ የእናቷን ግራ እግር በሁለት እጇ ያዘችው። "ያንቺ ነዋ።"

እህቴ እግሯን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ አጠበችው።

ባሏ ወደ ጎን ወስዶኝ "ታዲያ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"ልጅቷ እዚሁ ትቆይ።"

"ጥናቱ እንዲህ ይላል?"

"አይልም። እሳት ዳር ግን ብቻቸውን አትተዋቸው።"

ልክ ልሁን ልሳሳት ወላሂ አላውቅም። ሰመራ ከተመለስኩ ወዲህ ከአዋሽ ስልክ በተደወለ ቁጥር፣ አንስቼ ድምፃቸውን እስክሰማ ድረስ እግሬ መሬት መርገጡ አይሰማኝም።