ዋና አሽከርካሪ

የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ መጀመሪያ ያየችው ክንዱን ነው፤ በመኪና መስኮት የኖረው ግራው ከቀኙ ይጠቁራል። ሰውዬው ያገለገለች ትንሽ መኪና ለሴት ልጁ ገዝቶ፣ ኢንሹራንስ ሊገባላት ከልጁ ጋር መጥቷል።

«አባባ፣ ልጅቷ ገና ለማጅ ናት። ዋና አሽከርካሪው እርስዎ ነዎት ብንል ክፍያው ይቀንስልዎታል፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለችው።

«እሷን ጻፊ።»

«አባዬ ደግሞ! ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳኸው አንተ!» አለች ልጁ።

«ነዳሁ፤ በቃኝ።»

ፎርሙን አራቀው፤ መልሶ አፍንጫው ሥር አስጠጋው። ሠራተኛዋ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው። ሳያመነታ ፈረመ፤ የፊርማው ግማሽ ጥፍሯ ላይ አረፈ።

ልጅቷ የሠራተኛዋን ጥፍር አየች፣ የአባቷን ዓይን አየች፤ ክርክሯን ተወች።

«ፈተናዬ ሐሙስ ነው፤ አልፋለሁ» አለችው።