የራሔል ሁለተኛ ወሊድ

እናቴ ፈሪ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራ፣ መርፌ ግን ከእጅ ወደ እጅ አቀብላ አታውቅም፤ ጠብ ያመጣል ብላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና "አንሺው" ትላለች። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትገፋዋለች። እኛ ልጆቿ በዚህ ስንስቅባት ነው ያደግነው።

ወንድሜ እጮኛውን ይዞ የመጣ ዕለት፣ ልጅቷ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ስሟን ስትናገር እናቴ በአፏ የያዘችውን ስፒል ሁሉ አወጣች። "ራሔል! ያዕቆብን ዓሥራ አራት ዓመት በግ ያስጠበቀች ቆንጆ!" አለች። የስሟ ፍቺ እናት በግ እንደሆነም ነገረቻት። "የኔ በግ" እያለች ስታቆላምጣት እኔ እንኳ ቀናሁ። ተጋቡ፤ የመጀመሪያው ልጅም በሰላም ተወለደ።

ሁለተኛው ሲረገዝ ግን የእናቴ ፊት ጠቆረ። የመጽሐፍ ቅዱሷ ራሔል መንገድ ላይ የሞተችው ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም?" አለችኝ ኮሌታ እየገለበጠች።

"እማዬ፣ በዚህ ስም ስንቷ ወልዳ ስማለች!"

"እነሱ የኔ ምራት አይደሉም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ከቤታችን ወጣ። እናቴ "እሙዬ" አለቻት፤ እኛንም አስማለችን። ወንድሜ አምልጦት ሊጠራት ሲል በመቀሱ እጀታ ጠረጴዛውን ትመታለች። መጀመሪያ ቀለድንበት። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ግን ፍርሃቱ ወደ እኔም ተጋባ፤ ደረጃ ስትወርድ ባየሁ ቁጥር ሮጬ ክንዷን እይዝ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ "እናንተ ቤት ከወዲሁ የሞትኩ ይመስለኛል" አለችኝ።

ምጡ በቀትር መጣ። ጤና ጣቢያ ልጁ በደህና ወጣ፤ ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። አዋላጇ በሁለት እጇ ሆዷን እየተጫነች ረዳቷን መድኃኒት አምጪ ትላለች። የምራታችን ከንፈር ነጣ፤ ዓይኗ ተከደነ።

"አናግሯት! እንዳትተኛ!" አለችን አዋላጇ።

"እሙዬ! እሙዬ!" አለች እናቴ። ዓይኗ አልተገለጠም።

"ምነው እናቴ፣ ስም የላትም እንዴ? በስሟ ይጥሯት!" አለች አዋላጇ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ድምፅ እምቢ አላት። ሞት በሩ ላይ ቆሞ ስሟ እስኪጠራ የሚጠብቅ መሰላት፤ ምን ልዋሽ፣ እኔንም መሰለኝ።

"ራሔል!" አለች በመጨረሻ፣ እየጮኸች።

ዓይኗ ተገለጠ። "አቤት" አለች በቀጭኑ።

ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች "አይዞዎት፣ ተርፋለች፤ አሁን እንቅልፍ ይውሰዳት" አለች። እናቴ ግን የምራቷን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ጨብጣ "ራሔል፣ ራሔል" ማለቷን አላቆመችም። ቀስ ብዬ ጣቶቿን ላላቅቅ ስሞክር ገፈተረችኝ።

"ተይኝ" አለች፣ "ዝም ካልኩ ትሄድብኛለች።"