የልጁ ማረሻ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ብረት ስቀጠቅጥ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር እሠራለሁ። በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ሳለሁ፣ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ካገኘሁ ዓመት በዓል የመጣ ያህል ደስ ይለኝ ነበር፤ ከእሱ የወጣ ማረሻ ድንጋይ አይበግረውም። ገበሬው ከሰሉን ተሸክሞ ይመጣና ወናፉን ራሱ እየነፋ ያሠራል። ስንሠራ እንጫወታለን፣ እንሳሳቃለን። ሥራው ሲያልቅ ግን ቤቴ ገብቶ እህል ውሃ የሚቀምስ የለም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። እኔ ማረሻ ባልሠራላቸው ምን ይበሉ እንደነበር እንጃ።

ከደንበኞቼ አንዱ ጎረቤቴ ነበር። አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ሕፃን ልጃቸው እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል።

«ወንድሜ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እትፍ በልበት» አለኝ።

በላው የተባለው ሰው እትፍ ሲልበት ሕመምተኛው ይድናል ተብሎ ይታመናል። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ክንዴን ያዘች።

«እንዳታደርገው። በገዛ አፍህ ልትመሰክር ነው? ከእንግዲህ እዚህ አገር እንዴት እንኖራለን?»

እውነቷን ነበር። እምቢ ብዬ ልጁ ቢሞት ደግሞ ገዳዩ እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ ግን የእናቲቱን ፊት ማየት አልቻልኩም። እትፍ አልኩበት።

ልጁ ዳነ። የጎዳኝም መዳኑ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠራጠረውም ሰው እርግጠኛ ሆነ። እናቶች ሲያዩኝ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ጀመር። ዕቃችንን በአህያ ጭነን ሞጣ ገባን።

ሞጣም ሥራው ያው፣ ሐሜቱም ያው ነበር፤ ያን ቀን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ክረምት ሊገባ ሲል ያ ጎረቤቴ ከገበያ ከሰል ገዝቶ መጣ። አርጅቷል። ሰላም ብሎኝ እንደ ድሮው ወናፉ ዘንድ ተቀመጠ።

«ልጁስ?» አልኩት።

«ደኅና ነው። ዘንድሮ ዕርፍ ጨብጧል። ማረሻውም ለእሱ ነው። እንዳንተ የሚሠራ አጣሁ።»

ባለቤቴ ጠላ ቀዳችለት።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ከቢቸና ሞጣ ድረስ የመጣ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ተናደድኩ። መዶሻውን ጥዬ ውጣልኝ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ብረቱ ግን ግሎ ነበርና ቀጠልኩ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ማረሻዎች ሁሉ የተጠበብኩት ለዚያኛው ነው። የሚያርስበት ያ ልጅ ነው።