የአባ ፊጣ ብየዳ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ስድቤን፣ ውሸቴን፣ መጠጤን ሁሉ እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል፤ "የረሳሁትም ካለ" ብዬ አልፈዋለሁ። የረሳሁት! ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ረስቼው አላውቅም። እናንተን አላውቃችሁም፣ ፊታችሁን አላይም፣ ለዚህ ነው ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

መካኒክ ነኝ። ከሆሳዕና መጥቼ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእኔ ግቢ ቀጥሎ የአባ ፊጣ የብየዳ ቤት ነበር። አባ ፊጣ የጅማ ተወላጅ ናቸው፤ ያ ነገር ሲደርስ ስልሳ አምስት ገደማ ይሆናቸው ነበር። ሰላታቸውን አያዛንፉም፣ ሥራ ሲበላሽባቸው እንጂ በሰው አይቆጡም። ብየዳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቤተሰብ አልነበረኝምና "ኢልመ ኮ"፣ ልጄ፣ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። የበየዱትን ብረት በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው "አልሐምዱሊላህ" ሳይሉ ለባለቤቱ አያስረክቡም።

ከማል የሚባል ወዳጅ ነበረን። አባቱ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ግን የለየለት የመኪና እብድ ነው። በየጥቂት ወሩ ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ የተሰባሰቡ መሰሎቹ በጠጠር መንገድ ላይ በየተራ እየነዱ፣ ሰዓት ተይዞላቸው ይወዳደራሉ። ሽልማቱ ዋንጫና ጭብጨባ ነው። መኪናው ውስጥ ከነጂው ሌላ ሰው አይገባም። የከማል መኪና አሮጌ ቀይ የቤት መኪና ነበረች። አባ ፊጣ የአባታቸውን ፈረስ አስታውሰው ዳማ ብለው ስም አወጡላት።

ውድድሩ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ጥገናው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ዳማ ከእያንዳንዱ ውድድር እያነከሰች ትመለሳለች። እኔ እፈታለሁ፣ አባ ፊጣ ይበይዳሉ፣ ከማል ደግሞ ሻይ እያመላለሰ "መቼ ነው የምታልቀው?" እያለ ይነዘንዘናል። ወላሂ፣ እንደዚያን ጊዜ የተደሰትኩበት ዘመን የለም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፤ ለአጋሮው ውድድር ሦስት ሳምንት ነበረን። የፊት ግራ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ እኛ ብራቾ የምንለው፣ ተሰንጥቆ ነበር። አባ ፊጣ በየዱት። እኔ ገጠምኩት። ጫፉ ላይ አንድ ዳዶ ይጠብቃል፤ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ ደግሞ ኮፒሊያ የምትባል ጣት የማታህል የብረት ሽቦ ታልፍበታለች። ያቺ ሽቦ ከሌለች ዳዶው በጠጠር መንገድ ቀስ እያለ ይፈታል። ይህን ጀማሪ መካኒክም ያውቀዋል።

እኔ የራሴ አሠራር አለኝ። የፈታሁትን ጥቃቅን ዕቃ በሙሉ ቡና በሚሰፈርበት ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። ጣሳው ባዶ ሲሆን ሥራው አልቋል ማለት ነው። ዝርዝር አልጽፍም፣ ጣሳውን ነው የማየው። ታዲያ ክንዱን የገጠምኩ ቀን፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ ጣሳዬ ዝጎ ተቀዶ ስለነበር ከጎረቤታችን ከቡና ቸርቻሪዋ ከዘይነባ ተውሼ ነበር። ወቅቱ የቡና ነው፤ ከደጅ ሆና ጮኸችብኝ፤

"ኧረ ግርማ፣ ጣሳዬን! ሰው ቆሞብኛል እኮ!"

በውስጡ የቀረውን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ገለበጥኩና ሰጠኋት። ገበያተኛዋን ሸኝታ ጣሳውን መለሰችልኝ። ከማል መጣ፣ አወራን፣ ሳቅን። ዞር ስል ጣሳው ባዶ ነው። ባዶ ጣሳ አየሁና ጎማውን ገጥሜ እጄን ታጠብኩ። ለከማልም "ጨርሻለሁ፣ እንደ ልብህ ንዳት" አልኩት።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተትን ማንም ይሳሳታል። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ነው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከአጋሮ ወደ ገራ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሰለፉ። ከማል ተራው ደርሶ ተነሣ፣ አቧራው ሸፈነው። ላቤን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጄን ቱታዬ ኪስ ከተትኩ። እጄ ሽቦ ነካ። ሳላወጣት አወቅኋት። ከጣሳው የገለበጥኳት ኮፒሊያ ናት።

መነሻውን የሚቆጣጠረው ሰው ሬዲዮ ይዞ ቆሟል፣ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም። የመንገዱ አጋማሽ ላይም መኪና የሚያስቆም ሌላ ሬዲዮ የያዘ ሰው አለ። "አስቁሙት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል! ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ልንገራችሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት የሌላ ተወዳዳሪ መካኒክ የዘይት ክዳን ሳይገጥም መጥቶ እዚያው ሰው ፊት መሳቂያ አድርጌው ነበር። "አንተን ብሎ መካኒክ!" ብዬው ነበር። አሁን ስሙ፣ እኔ ልጩህና ያ ሰውዬ ይሳቅብኝ? በዚህ ነው ዝም ያልኩት። የሰው ነፍስ በአንድ በኩል፣ የአንድ ሰው ሳቅ በሌላ በኩል፣ እኔ ሳቁን ፈራሁ።

ዳዶውን በደንብ አጥብቄዋለሁ አልኩ በልቤ። አይፈታም አልኩ። ደግሞ ይፈታል አልኩ። ኮፒሊያዋን በጣቶቼ መሐል ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ወደ ሬዲዮው ሰውዬ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ቀና ብሎ "ምነው ግርማ?" አለኝ። "ምንም፣ ውኃ አለህ?" አልኩት። ውኃ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ። ገና ጠርሙሱን ሳልመልስለት ሬዲዮው መኪና ገደል ገባ አለ።

ከማል አልሞተም። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰው ሁሉ እሱን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ፤ እኔ "መኪናዋን አነሣለሁ" ብዬ ቀረሁ። ከሥሯ ገብቼ አየሁ። ዳዶው የለም። የአባ ፊጣ ብየዳ ግን እንደተበየደ ነው፣ ጭረት እንኳ አልነካውም።

በጭነት መኪና ጅማ አስመጣኋት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ከማል ዘንድ ነው። በሩን ዘጋሁ። ጫፉን ወደ ቦታው መልሼ አዲስ ዳዶ አጠበቅሁ፤ ያቺንም ኮፒሊያ ከኪሴ አውጥቼ ከተትኳት። ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሣሁና የአባ ፊጣን ብየዳ መታሁት።

አልተሰበረም። ደገምኩ። እየቆጠርኩ ነበር፣ ለምን እንደምቆጥር እንጃ። አሥራ አንድ ጊዜ መታሁት፤ ብረቱ ጎበጠ፣ ብየዳው ግን አልከፈት አለኝ። እዚያ ላይ እንኳ ማቆም አልነበረብኝም? እጄ ዝሎ፣ እንባዬና ላቤ ተቀላቅሎ፣ እኔ ግን የብረት መጋዝ ፈለግሁ። ግማሹን ቆርጬ የቀረውን በመዶሻ ለየሁት። የመጋዙን ምልክት በሞረድ አጥፍቼ ጭቃ ለቀለቅሁበት። እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ያስተማሩኝን ሰው ሥራ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አባ ፊጣ መጡ። መነጽራቸውን ረስተዋል። የተሰበረውን ብረት ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ሊዳብሱት ሲሉ ተዉትና ወደ እኔ ቀና አሉ።

"አንተ አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ፣ አባ ፊጣ። ከብየዳው ላይ ነው የተላቀቀው።"

"አንተ ካየኸው በቃ" አሉ።

የከማል ቤተሰብ ሽማግሌ ሳይልክባቸው እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ አዎ፣ ተከትዬ ሄጃለሁ! ከማል እግሩን አጋድሞ ተቀምጧል። አባ ፊጣ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው፣ "ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ዓይኔም ደክሟል። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ። ከማል ከመቀመጫው መነሣት አቅቶት እያለቀሰ "አውፍ ብያለሁ አባባ፣ ኧረ ይቀመጡ" አላቸው። ዱዓ ተደረገ። እኔም አሜን አልኩ። ከአንድ ትሪ በላን።

በወሩ የብየዳ ማሽናቸውን ሸጡ። ማንም ሂዱልን አላላቸውም፤ እሳቸው ናቸው በእጃቸው ተስፋ የቆረጡት። ዛሬ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆነው ይጠብቃሉ። ከማል እያነከሰ ይሄዳል፣ ሲያገኛቸው ጉልበታቸውን ይስማል። የእኔ ጋራዥ ግን ሰፋ፤ የእሳቸው ደንበኞች ወደ እኔ ዞሩ።

ባለፈው ወር አስጠሩኝ። የግቢያቸው በር ማጠፊያው ተሰብሮ ኖሯል። አርባ ዓመት ብረት የበየዱ ሰው የገዛ በራቸውን እንድበይድላቸው እኔን ጠሩ። እየበየድኩ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያዩ ነበር። ስጨርስ "እጅህ ጥሩ ነው፣ ማሻ አላህ። የእኔም እንዳንተ ቢሆን ኖሮ ያን ልጅ ባልሰበርኩት" አሉኝ። መሬት አልተከፈተችልኝም። ምሳ አቀረቡልኝ፣ በላሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀንም አልነገርኳቸውም።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትናንት ከጁምዓ በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። የጻፍኩትን ላነብላቸው አስቤ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በቃሌ ነገርኳቸው። ስለ ጣሳው፣ ስለ ሬዲዮው ሰውዬ፣ ስለ መዶሻው። አንዱንም አላስቀረሁም። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ይመቱኛል ብዬም ተመኝቼ ነበር። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ ከማል አልነበረም፣ ለምን ዋሸኸኝም አላሉኝም።

"ስንቴ መታኸው?" አሉ።

"አሥራ አንዴ።"

"አልተሰበረም?"

"አልተሰበረም፣ አባ ፊጣ። በመጋዝ ነው የቆረጥኩት።"

ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ያዙት። እያገላበጡ አዩት።

"ስምንት ዓመት እኮ ነው" አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም፤ "ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ እጅ ጋር ተኳርፌ ነበር የኖርኩት።"

አውፍ በሉኝ አላልኳቸውም። እሳቸውም አውፍ ብያለሁ አላሉኝም። "ተነሣ፣ ለከማል ንገረው" ብቻ አሉኝ። ኢልመ ኮ አላሉኝም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ከማል ዘንድ እሄዳለሁ።