ልደታ በፔካ 12

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ባጌት ገዛሁ። ጅቡቲ ውስጥ ይህን ረጅም ዳቦ ሰው ሁሉ በብብቱ ሸጉጦ፣ ጫፉን እየገመጠ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እኔ ግን አልገመጥኩትም። ግንቦት አንድ ነው፤ ልደታ። ወንበሬን ከክፍሌ አውጥቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩና ዳቦውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የልደታ ዳቦ ከቤት ውጭ ነው የሚበላው፤ እማዬ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ የልጅነቴ ልደታ ትዝ አለኝ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ከተማ፣ ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር ነበር። እማዬ ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ተቀጥራ ስለነበር አዳሯም እዚያው ነበር። ወደ እኛ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። አባዬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እሱ አልፎ አልፎ ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ሲሄድ እሷ ሥራ ላይ ናት፤ እሷ ስትመጣ እሱ መንገድ ላይ ነው። እኔንና ትንሹን ወንድሜን ብሩክን የሚጠብቁን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ። ደግ ሴት ናቸው። ቢሆንም ብሩክ እጄን ይዞ እንቅልፍ ሲወስደው፣ እማዬ በዚያው ሰዓት የአሠሪዋን የማዳምን ልጆች እያስተኛች እንደሆነ ሳስብ እጁን ጠበቅ አድርጌ እይዘው ነበር።

በዚያ ዓመት ብሩክን ወባ ያዘው። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። እማዬ መምጣት ስላልተፈቀደላት ከሀራሙስ በስልክ ታለቅስ ነበር። «እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ በልደታሽ ዳቦ ደፍቼ፣ ከነአባቱ ሆነን አመሰግንሻለሁ» ብላ ተሳለች። ብሩክ ዳነ።

ልደታ ዓርብ ዋለ። እማዬ ዳቦውን በማዳም ምድጃ ጋግራ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ኮባ ስላልነበረ በመጋገሪያ ወረቀት ነው የደፋችው። የማዳም ልጆች ጋቶ፣ ማለትም ኬክ፣ መስሏቸው ሲከተሏት፣ ሳልቆርስላቸው መጣሁ አለችን፤ እኔም በልቤ ደስ አለኝ። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ብሩክ ዳቦውን እየዞረ በጣቱ ይነካካዋል። አባዬ ድንበሩን አልፎ መግባቱን ስለሰማን ሁላችንም ጆሯችን በሩ ላይ ነበር።

የመጣው ግን ስልኩ ነው። «ፔካ 12 ላይ ቆመናል» አለ አባዬ፤ ከባድ መኪኖች ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁበት፣ ከከተማው ወጣ ያለ ማቆሚያ ነው። «ተራ እስኪጠራ መኪናውን ጥዬ መምጣት አልችልም። ረዳቴም አሞት ቀርቷል። በቃ እናንተ ቁረሱት።»

«ከነአባቱ ብዬ እኮ ነው የተሳልኩት!» አለች እማዬ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሀራሙስ መመለስ ነበረባት። ብሩክ በበኩሉ ስልኩ ላይ አፉን ለጥፎ፣ «አባዬ! ዳቦ መጣ! ና!» ይላል።

እትዬ አስካለ ንፍሮውን ይዘው ሲገቡ እማዬ ዓይኗን ስትጠርግ አገኟት። «ምን ያስለቅስሻል?» አሉ። «ልደታ ድሮስ ቤት ውስጥ ይበላል እንዴ? ዋራበሌም ደጅ ነው፣ ፔካም ደጅ ነው። ተነሺ! ንፍሮውንም ያዢው፤ ሳህኔን ግን ሹፌሮቹ ጋ ጥለሽ እንዳትመጪ!»

በሚኒባስ ሄድን። ፔካ 12 ላይ መኪናዎቹ ተያይዘው ተሰልፈዋል፤ አየሩ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አባዬ ከጋቢናው ሲወርድ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ብሩክ ግን እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀ።

«አባዬ ነው እኮ፣ ሳመው» አልኩት።

«አይደለም! አባዬ ስልክ ውስጥ ነው።»

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። «ወንድሜ፣ ልጅህ እኮ መታወቂያ አምጣ እያለህ ነው!» አለ አንዱ። አባዬም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በአንገት ልብሱ ፊቱን ጠረገና ወደ መኪናው ኋላ ሄደ። ተቀይሞ የሄደ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ወዲያው የእማዬ ስልክ ጠራ። ለብሩክ ሰጠችው። «ብሩኬ» አለ የአባዬ ድምፅ። ብሩክ ፊቱ በራ። «አባዬ! ዳቦ መጣ! ና!» «መጣሁ እሺ፣ መጣሁ» አለና አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከትልቁ ጎማ ጀርባ ብቅ አለ። ብሩክ ስልኩን አየ። የአባዬን አፍ አየ። ደግሞ ስልኩን አየ። ከዚያ ስልኩን መሬት ላይ ጥሎ ሮጠ።

ተሳቢው ጥላ ስር ሰሌን ተነጠፈ። ሹፌሮቹም ከበው ቆሙ። አባዬ ብሩክን በአንድ እጁ እንዳቀፈ ቢላውን ይዞ ዳቦው ላይ አማተበ። «ልጄን ስለመለስሽልን ተመስገኚ። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይቸኩል፣ ሁላችንንም በአንድ ደጅ አስቀምጠሽ አብዪን» አለ። ሹፌሮቹ ጭምር «አሜን» አልን። ዳቦው ሙቀቱ ትንሽ አድርቆት ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ ግን እስከ ዛሬ የለም። ብዙም ሳንቆይ የአባዬ ተራ ተጠራ፤ እማዬም እኛን ቤት አድርሳ ወደ ሀራሙስ ተመለሰች። የእትዬ አስካለን ሳህን ረስተነው መጣን።

አሁን አባዬ ወገቡን ስላመመው መንዳት ትቷል። ሁሉም ድሬዳዋ ናቸው። እዚያ የተወለደች ሶስና የምትባል ትንሽ እህትም አለችኝ። እኔ የተማርኩት በፈረንሳይኛ ስለሆነ ለትምህርቴ ብቻዬን እዚህ ቀረሁ። የአባዬ ጸሎት ተሰምቷል፤ ማንም ሳይቸኩል በአንድ ደጅ ይቀመጣሉ። ለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ። ክፍሌ ስገባ ግን የሚጠራኝ ሰው የለም።

ስልኩ ጠራ። በምስል ነው የደወሉት። ግቢያቸው ካለው ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። «ያንን ዱላ ነው የምትቆርሺው?» አለ ብሩክ ባጌቴን አይቶ፤ ድምፁ ጎርንኗል። «ዝም በላት!» አለች እማዬ። አባዬ፣ «በይ ልጄ፣ አብረን እንቁረስ» ብሎ አማተበ። እኔም ባጌቴ ላይ አማተብኩና ቆረስኩ።

ሶስና ቁራሿን ይዛ ወደ ስልኩ መጣች። «እንኪ» አለችኝ። ዳቦውን ስልኩ ላይ ስትለጥፈው ሁሉም ነገር ጨለመብኝ። አልወስድ ስላት ስልኩን ገልብጣ ከጀርባው ፈለገችኝ። የሚታየኝ የዛፉ ቅርንጫፍና ሰማዩ ብቻ ነበር።

«የለችም» አለች።

አባዬ ያኔ ከጎማው ጀርባ ብቅ እንዳለው ብቅ ብልላት ምንኛ በወደድኩ። ቁራሼን አፌ ውስጥ አደረግሁና፣ «አለሁ፣ ሶስዬ» አልኳት።